የጥንት መናገሻ በገበታ ላይ
በሺያን፣ በሉዎያንግና በካይፌንግ የሰባት ቀን ጉዞ

የቻይና ስም በተነሣ ቁጥር በብዙዎቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ታላቁ ግንብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በየሱቁ የምናየው ዕቃ፣ በየከተማው የሚዘረጋው መንገድና የሚቆመው ፎቅ ይታወሰናል። ነገር ግን ከግንቡም ከፋብሪካውም በስተኋላ የቻይናን ታሪክ ተሸክመው የኖሩት የጥንት መናገሻ ከተሞች ናቸው። ከእነዚህም ሦስቱ፣ ማለት ሺያን፣ ሉዎያንግና ካይፌንግ፣ በአንድ የባቡር ሐዲድ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ዶቃ ተሰክተው ይገኛሉ። መንገደኛው ሰባት ቀን ብቻ ቢኖረው እንኳ ሦስቱንም አይቶ፣ ከሦስቱም ማዕድ ቀምሶ ሊመለስ ይችላል።

እኔም ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ይህንኑ መንገድ ተጓዝሁ። የጉዞዬ ዓላማ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ጥንታዊውን ሥራ ማየት፣ ሁለተኛው ስመ ጥሩን ምግብ በየአገሩ መቅመስ። ሁለቱ ዓላማዎች ግን በመንገድ ላይ አንድ ሆኑ። ምክንያቱም በእነዚህ ከተሞች ድንጋዩ ያጣውን ነገር ገበታው ይዞት የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዴት እንደ ሆነ በየተራው እናያለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ቅጥሯን ያልለቀቀች ከተማ

ሺያን በጥንት ስሟ ቻንግአን ትባል ነበር፤ ትርጓሜውም «ዘላቂ ሰላም» ማለት ነው። በታንግ ነገሥታት ዘመን፣ ይኸውም ከ618 እስከ 907 ባለው ጊዜ፣ በዓለም ላይ ከነበሩት ከተሞች በስፋትም በሕዝብ ብዛትም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ ተነሥቶ በረሓውን በግመል የሚያቋርጠው ነጋዴ የሚያርፈው፣ ሐሩንም ጭኖ የሚመለሰው ከእርሷ ነበር።

በዚያ መንገድ የገባው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖትም ገብቷል። ሹዋንዛንግ የተባለው መነኵሴ በ645 ከሕንድ ይዟቸው የመጣው የቡድሃ መጻሕፍት እንዲቀመጡበት በ652 የተሠራውና ኋላም የታደሰው ግንብ፣ ዛሬ ባለ ሰባት ደርብ ሆኖ 64 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የድንጋይ ጽሑፎች በተሰበሰቡበት ሙዚየም ውስጥ ደግሞ በ781 የቆመ አንድ ሐውልት አለ። የምሥራቅ ክርስቲያኖች በ635 ወደ ቻንግአን መግባታቸው በቻይና ቋንቋ ተጽፎበታል፤ ከእርሱም ጋር የሱርስት ጽሑፍ ይታያል። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከዚህ ሐውልት ፊት ጥቂት መቆም የሚገባ ነው።

አሁን የመካከለኛውን ከተማ ከብቦ የሚታየው ቅጥር የሚንግ ነገሥታት በ1370ዎቹ ያሠሩት ነው። ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ሲሆን የላዩ ወርድ እንደ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። በበሩ ላይ ቢሲክሌት ተከራይቶ ከተማውን ከላይ ሆኖ መዞር ይቻላል። በስተውስጥ የድሮው ሰፈር፣ በስተውጭ አዲሱ ፎቅ እየታየ የሚያልፍበት ይህ ዙረት ከጉዞው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ይህ ቅጥር ሳይፈርስ የቀረው እንዲያው በዕድል አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙ የቻይና ከተሞች ለመንገድና ለሕንፃ ሲሉ ግንባቸውን አፈረሱ። በቤይጂንግ ሊያንግ ስቸንግ የተባለው ታላቅ የሕንፃ ሊቅ ግንቡ መናፈሻ ይሁን፣ ሕዝቡም በላዩ ይመላለስበት ብሎ አጥብቆ ቢከራከርም አልተሳካለትም፤ ከዋና ከተማው ቅጥር ጥቂት ቅሪት ብቻ ተረፈ። የሺያንም ቅጥር እንዲፈርስ አሳብ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ውሳኔው ተገታና በ1961 መንግሥት አጥብቆ ከሚጠብቃቸው የአገር ቅርሶች መዝገብ ገባ። እነሆ ሊያንግ ለቤይጂንግ የተመኘው ነገር ዛሬ በሺያን ይታያል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ በግንቡ ሥር አካላቸውን ያፍታታሉ፣ ልጆች ከላዩ ቢሲክሌት ይነዳሉ።

ከከተማው በስተምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሸክላ ሠራዊቱ ይገኛል። በ1974 በመጋቢት ወር ገበሬዎች የውኃ ጕድጓድ ሲቈፍሩ የሸክላ ቁርጥራጭ አገኙ። ኋላም ቻይናን በ221 ዓመተ ዓለም አንድ ያደረገው ንጉሥ ቺን ሺ ኋንግ ለመቃብሩ ዘብ እንዲሆኑ ያሠራቸው ወታደሮች መሆናቸው ታወቀ። ቍጥራቸው 8,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ፊታቸው የተለያየ ነው፤ ጢም ያለው አለ፣ ወጣት አለ፣ የቈጣ የሚመስል አለ። እነዚህ ወታደሮች ሲሠሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ከአፈር ሲወጡ ግን ቀለሙ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይረግፋል። ስለዚህም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሳይቈፈሩ በአፈር ውስጥ እንዲቈዩ ተደርጓል። ድንጋይና ሸክላ ሁሉን ነገር ጠብቆ አያቈይም ማለት ነው።

በእጅ የሚፈተፈት ዳቦ

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። ከከበሮው ግንብ በስተጀርባ የሺያን እስላሞች ሰፈር አለ። የቀድሞዎቹ ነጋዴዎችና ወታደሮች ዘር የሚባሉት የሁዪ ሕዝቦች የሚኖሩበት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ታላቁ መስጊድ ጉልላት የለውም፤ እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ በጠማማ ጣሪያና በተከታታይ አደባባዮች የተሠራ ነው። በዚህ ሰፈር የአሳማ ሥጋ ስለማይሸጥ፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላ መንገደኛ ሳይሠቀቅ ሊበላ ይችላል።

የሰፈሩ ዋና ምግብ ፓኦሞ ይባላል። አቀራረቡ እንዲህ ነው። አስተናጋጁ ባዶ ጎድጓዳ ሳሕንና አንድ ሁለት ደረቅ ቂጣ ያመጣል። በላተኛው ቂጣውን በገዛ እጁ አተር እስኪያህል ድረስ ይቈርሰዋል። ከዚያ ሳሕኑ ቍጥር ተሰጥቶት ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል፤ ወጥ ሠሪው የበግ መረቅ፣ ሥጋና እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ቀጭን ፓስታ ጨምሮ አብስሎ ይመልሰዋል። ከጐኑ በስኳርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ድልህ ይቀርባል። ቢቀምሱት በእኛ አገር የበግ መረቅ ላይ የተፈተፈተ ፍትፍት ያስታውሳል።

በአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገና ቂጣው ሲቀርብልኝ የራሳቸውን አንሥተው አቈራረሱን አሳዩኝ። ቋንቋ ባንግባባም የነገሩ ትርጕም ግልጥ ነበር፤ ቢላዋ አይነካውም፣ መቸኰልም አይገባም፣ ቍራሹ ሻካራ ሲሆን መረቁን ይመጣል። ቂጣውን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ እየቈረሱ ይጫወታሉ፤ ወሬው ከምግቡ እኩል የገበታው ክፍል ነው። ዛሬ ግን ጊዜ ለሌለው ሰው በመኪና የተከተፈ ቂጣ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ሽማግሌውም ወደ ጓዳ በአገጫቸው አመልክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሥጋ ለማይበላ መንገደኛም ሺያን አትከፋም። በእጅ ተጐትቶ እንደ ቀበቶ የሚሰፋው ፓስታ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጋለ ዘይት በተነከረ በርበሬ ይቀርባል። ስሙ ቢያንግ ቢያንግ ሲሆን ስሙ የሚጻፍበት ፊደል ከ50 በላይ ጭረት አለው። የምግብ ቤቶች ደጃፍ ላይ ይህን ፊደል በትልቁ ጽፈው ስለሚሰቅሉት፣ የቻይና ጽሑፍ የማያውቅ እንግዳ እንኳ አይስተውም።

ራስ የሌላቸው ሐውልቶች

ከሺያን ወደ ሉዎያንግ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ መስመሩ የተከፈተው በ2010 ነው። ሉዎያንግ ከሺያን ጋር እየተፈራረቀች ለብዙ ነገሥታት መናገሻ ሆና ኖራለች። የጥንት ቤተ መንግሥቶቿ በጦርነት ስለተቃጠሉ ግን ዓይን የሚሞላ ነገር ለማየት ከከተማው በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሎንግሜን መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ ዪ የተባለው ወንዝ በሁለት ተራሮች መካከል ያልፋል። ሰሜናዊ ዌይ የተባሉት ነገሥታት መናገሻቸውን ወደ ሉዎያንግ ካዛወሩበት ከ493 እና 494 ጀምሮ የተራሮቹ ገደል እየተፈለፈለ የቡድሃ ምስል ይቀረጽበት ነበር። ዛሬ ከ2,300 በላይ ዋሻዎችና ጓዳዎች፣ 100,000 ያህልም ምስሎች እንዳሉ ይቈጠራል። የሁሉ ታላቅ የሆነው ምስል 17 ሜትር ይበልጣል፤ በ675 ተፈጸመ። ዉ ዜቲያን፣ ኋላ በቻይና ታሪክ በራሷ ስም የነገሠች ብቸኛ ሴት፣ በ672 ከመኳኳያዋ ገንዘብ 20,000 ዘለላ ሳንቲም ለሥራው መስጠቷ በድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ሕዝቡም ፊቱ የእርሷን ፊት ይመስላል ይላል።

ይሁን እንጂ በዋሻዎቹ ውስጥ ጥቂት ሲመላለሱ ልብ የሚሰብር ነገር ይታያል። ብዙዎቹ ምስሎች ራስ የላቸውም። በተለይ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሌቦች በመጋዝና በመሮ እየቈረጡ ለውጭ አገር ነጋዴዎች ሸጧቸው። ከአንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ ተላጠው የወጡ ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች፣ ማለት የንጉሡና የንግሥቲቱ አጀብ የተቀረጸባቸው፣ ዛሬ አንዱ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ሁለተኛው በካንሳስ ሲቲ በኔልሰን አትኪንስ ሙዚየም ይገኛሉ። በዋሻው ግን የቀረው የመሮ ጠባሳ ነው።

ማታ ወደ ከተማው ስመለስ የጠበቀኝ ገበታ የሉዎያንግ «የውኃ ግብዣ» ነበር። ስሙ ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛ፣ አብዛኛው ምግብ መረቅ ያለበት ነው፤ ሁለተኛ፣ አንዱ ሳሕን ሲነሣ ሌላው እየተተካ እንደ ወራጅ ውኃ ሳያቋርጥ ይቀርባል። ሙሉው ግብዣ 24 ሳሕን ሲሆን 8ቱ ቀዝቃዛ፣ 16ቱ ትኵስ ናቸው። ለአንድ መንገደኛ ይህ ሁሉ የማይቻል ስለሆነ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ሦስት አራቱን መርጠው ያቀርባሉ።

የግብዣው እመቤት «የሉዎያንግ የወፍ ጎጆ» የተባለው ሾርባ ነው። የወፍ ጎጆ ግን የለበትም። ካሮት የሚመስል ነጭ ሥር እንደ ክር ተቀጥኖ ተከትፎ፣ በዱቄት ታሽቶ፣ በእንፋሎት በስሎ በኮምጣጤና በቍንዶ በርበሬ መረቅ ይቀርባል። እንደሚተረከው በንግሥት ዉ ዘመን አንድ ገበሬ እጅግ ትልቅ ሥር አብቅሎ ለቤተ መንግሥት አበረከተ፤ ወጥ ሠሪዎቹም በብልሃት የነገሥታት ምግብ አስመሰሉት። ተረቱ እውነት ይሁን ተረት፣ የድኻ አትክልት በእጅ ጥበብ ብቻ ለንጉሥ መቅረቡ የሚያኰራ ነው። በ1973 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቹ ኤንላይ የካናዳውን ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶን ወደ ሉዎያንግ ይዘው በመጡ ጊዜ ወጥ ሠሪው ከእንቍላል የተሠራ የፒዮኒ አበባ ከሾርባው ላይ እንዳሳረፈበት ይነገራል። አበባው የከተማው ምልክት ነው። ቹ ኤንላይ በ1964 አስመራ ድረስ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙት ሰው ናቸው። ከዚያ እራት ወዲህ ሾርባው ያለ አበባው አይቀርብም ለማለት ይቻላል።

ከአፈር በታች ያለች ከተማ

ከሉዎያንግ ወደ ምሥራቅ በዠንግዡ በኩል ሲሄዱ ካይፌንግ ይገኛል። ከሦስቱ ከተሞች ትንሿና ዝምተኛዋ ይህች ናት። ነገር ግን ከ960 እስከ 1127 የሰሜናዊ ሶንግ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ነበራት የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። ዣንግ ዜዱዋን የሳለውና ዛሬ በቤይጂንግ የሚጠበቀው ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሥዕል በወንዝ ዳር ያለ ከተማ ያሳያል፤ ድልድዩ፣ ጀልባው፣ ሻይ ቤቱ፣ ተሸካሚው ሁሉ አለበት። ይህችም ከተማ ካይፌንግ እንደ ሆነች ይታመናል።

ያች ከተማ አሁን የት አለች? ከእግር በታች ናት። እኛ ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ቢጫው ወንዝ ግን አፈር ይዞ ይዞራል። የተሸከመውን አፈር በየዘመኑ እያራገፈ አልጋውን ከሜዳው በላይ ከፍ ስላደረገው፣ ግድቡ በተጣሰ ቍጥር ጐርፉ ወደ ከተማው ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው በ1642 የሆነው ነው፤ ከተማው በዓመፀኞች ተከቦ ሳለ ግድቡ በሰው እጅ ተጣሰና አብዛኛው ሕዝብ አለቀ። የመሬት ውስጥ መርማሪዎች ከ3 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት ድረስ ስድስት ከተሞች አንዷ በአንዷ ላይ ተደርበው መገኘታቸውን ገልጠዋል። የሚያስደንቀው ነገር በየጊዜው የተመለሰው ሕዝብ ቤቱን በዚያው ቦታ መሥራቱ ነው፤ የዛሬው ዋና መንገድ ከሶንግ ነገሥታት አውራ ጎዳና ላይ ተዘርግቷል።

ከሶንግ ዘመን በላይ ቆመው ከሚታዩት ጥቂት ነገሮች ዋናው «የብረት ግንብ» ነው። በ1049 የተሠራ፣ 13 ደርብና 55 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሲሆን ብረት ግን አይደለም፤ የሸክላ ጡቡ ቀለም ብረት ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። ጐርፉም ጦርነቱም አልጣለውም፤ ግርጌው ግን በአፈር ተውጧል።

በ1127 ከሰሜን የመጡት ጁርቸኖች ካይፌንግን ይዘው ንጉሡንና አባቱን ማረኩ። ያመለጠው ሕዝብ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከስደተኞቹ አንዱ ሜንግ ዩዋንላኦ በ1147 ስለ ጠፋችው ከተማ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የጻፈውም ስለ ነገሥታቱ ክብር ብቻ አይደለም። የትኛው መንገድ ላይ ምን ምግብ ይሸጥ እንደ ነበር፣ 72 ታላላቅ የመጠጥና የምግብ ቤቶች እንደ ነበሩ፣ የሌሊቱ ገበያ እስከ እኩለ ሌሊት ቈይቶ ጎሕ ሳይቀድ እንደሚከፈት አንድ በአንድ ዘርዝሯል። አገሩን ያጣ ሰው አገሩን የቈጠረው በምግብ ቤቶቿ ነው።

ሌላም ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በ1179 ዙፋኑን የለቀቀው ሽማግሌ ንጉሥ ጋኦዞንግ በአዲሱ መናገሻ በሃንግዡ ሐይቅ በጀልባ ሲናፈስ፣ ሶንግ የምትባል አሮጊት የዓሣ ሾርባ ስትሸጥ አገኘ። ከካይፌንግ የተሰደደች ነበረች። ንጉሡ ሾርባውን ቀምሶ የአገሩን ነገር አሰበና ወርቅ፣ ብርና ሐር ሰጣት። ከተማይቱ ከተያዘች 52 ዓመት ሆኗት ነበር። በስሟ የሚጠራው የዓሣ ሾርባ እስከ ዛሬ በሃንግዡ ይበላል።

በካይፌንግ ያለው የማታ ገበያ በከበሮው ግንብ ዙሪያ ዛሬም ይደራል። የከተማው ስመ ጥር ምግብ ውስጡ መረቅ ያለበት ባኦዚ ነው። ወጥ ሠሪው መረቁን አርግቶ ከሥጋው ጋር በስስ ሊጥ ይጠቀልለዋል፤ በእንፋሎት ሲበስል የረጋው ይቀልጣል። ሲያነሡት እንደ ፋኖስ ይንጠለጠላል፣ ሲያስቀምጡት እንደ አበባ ይዘረጋል። አበላሉም ሥርዓት አለው፤ በመጀመሪያ ጥቂት ነክሶ መረቁን መምጠጥ፣ ከዚያ ቀሪውን መጕረስ ነው። ሥጋው ብዙውን ጊዜ የአሳማ ስለሆነ የማይበላ ሰው የእስላሞቹን ቤት ይጠይቅ። የተሞላ ሊጥ የሚሸጡ ቤቶች በሜንግ መጽሐፍም ተጠቅሰዋል።

ለመንገደኛ የሚሆን ምክር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና ስለሚበር፣ ከአዲስ አበባ መነሣት አስቸጋሪ አይደለም። ለሺያን ሦስት ቀን፣ ለሉዎያንግ ሁለት ቀን፣ ለካይፌንግ ሁለት ቀን ይበቃል። የእኛ ክረምት በዚያ ብርቱ ሐሩር ስለሆነ የሚቻለው ሰው በሚያዝያ ወይም በመስከረም መጨረሻ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በአውሮፓውያን ጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ግን የአገሩ በዓል ነውና ባቡሩም ሆቴሉም ይሞላል። የባቡር ቲኬት የሚገዛው በፓስፖርት ነው። በገበያው ክፍያ የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ስለሆነ ከመነሣት በፊት ማዘጋጀት ይገባል። የሚፈልጉትን ምግብና የማይበሉትን ነገር በቻይና ፊደል አስጽፎ በኪስ መያዝ ደግሞ ከብዙ መዝገበ ቃላት ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምግብ ከድንጋይ ይልቅ ይበረታል ለማለት ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ድንጋይ ጠባቂ ባይኖረው እንኳ ለብዙ ዘመን ይቆማል፤ ምግብ ግን የሚሠራው እጅ ከጠፋ በአንድ ትውልድ ይረሳል። በሜንግ መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው ብቻ ቀርቶ ምን እንደ ነበሩ በእርግጥ የማይታወቁ ምግቦች አሉ። ዛሬም በሦስቱም ከተሞች ለጎብኚ ተብለው በተሠሩት መንገዶች ላይ ያው አንድ ዓይነት በእንጨት የተሰካ ጥብስ እየበዛ ነው፤ ከሺያን ይሁን ከካይፌንግ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከሰፊው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ጠባቡ ይግባ፤ ቂጣ በእጅ የሚቈረስበትን፣ ሊጥ በዓይኑ ፊት የሚዳመጥበትን ቤት ይምረጥ። በዚያ የሚከፍለው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም፣ ያ ቤት ነገ ጠዋት እሳቱን እንደገና እንዲያነድ የሚያደርገው እርሱ ነው።